ባቲ ሰኞ ገበያና የአክስቴ ቤት ውሎ፦ ከልጆች ጋር ሆኖ ፎቶ ለማንሳት ምን ልያዝ፣ እንዴት ላንሳ?

እናት ካሜራ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በጥር መጨረሻ፣ በልጆቹ የመንፈቅ ዓመት እረፍት፣ ባቲ አክስቴ ቤት ለአንድ ሳምንት እንሄዳለን። ሰኞ እዚያው ስለምንውል ገበያው አያመልጠንም። የግመል ፖስትካርድ ለማንሳት አይደለም የምሄደው። ጠዋት ሲጋገር፣ ገበያ ሲወረድ፣ ሲሸመት፣ ማታ ቡና ሲፈላ፣ አክስቴ የሚውሉትን ውሎ ልጆቼ ሲያድጉ እንዲያዩት ማስቀረት ነው የምፈልገው።

ካሜራዬ ካኖን 250ዲ ነው። አብሮት የመጣው 18–55 ሌንስና 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 አለኝ። ባለቤቴ በስልኩ ያነሳል። ልጆቹ 9 እና 5 ዓመታቸው ነው።

ለገበያው 75–300 ሌንስ ልግዛ ወይስ ያለኝ ይበቃል? ፀሐይ ላይ ሳነሳ ነጠላው ነጭ ብቻ ሆኖ ጥለቱ ይጠፋል፣ ፊት ደግሞ ይጠቁራል፤ ምን ላድርግ? ሰው ሳላስቀይም እንዴት ልጠይቅ? ሁለት ልጅ ይዞስ ገበያ ውስጥ መሥራት ይቻላል?

ነጭ ሚዛን

75–300ውን አትግዢ። እንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ በአንቺና በምታነሺው ሰው መካከል ሁልጊዜ ሌላ ሰው፣ አህያ ወይም ጆንያ የተሸከመ ልጅ አለ። በረጅም ሌንስ ከ10 ሜትር ስታነሺ ግማሹ ፎቶ የሰው ጀርባ ይሆናል። ከዚያም በላይ ከሩቅ ማነጣጠር ሰውን ያስቆጣል። ቀርበሽ ሰላም ካልሽው ሰው ያነሳሽው ሁልጊዜ ይበልጣል። 18–55ቱን ካሜራው ላይ ሰክተሽ ከ24 እስከ 35 ሚሊ ሜትር መካከል ተጠቀሚበት። 50ው ለቤት ውስጥና ለፊት ይሁን።

ገበያ ውስጥ ሌንስ አትቀይሪ። ከከብት ተራ የሚነሳው አቧራ ደቃቅ ነው፤ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ አንዴ ካረፈ ከዚያ በኋላ የምታነሺው ሰማይ ሁሉ ነጠብጣብ ይኖረዋል። ለማረጋገጥ ኤፍ 16 ላይ (የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበሽ) አድርገሽ ባዶ ሰማይ አንሺና ስክሪኑ ላይ አሳድገሽ እዪው። ጥቁር ነጥብ ካለ ከካሜራው መቼት በእጅ ማጽዳት የሚለውን መርጠሽ፣ ሌንሱን አውልቀሽ፣ የካሜራውን አፍ ወደ ታች አድርገሽ በጎማ መንፊያ ንፊው፤ በአፍሽ አይሆንም፣ ምራቅ ይረጫል። የሌንሱንም መስታወት መጀመሪያ ንፊ፣ ቀጥለሽ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊ፣ ጨርቁ መጨረሻ ነው። አቧራው ሳይነሳ በነጠላ ጫፍ መወልወል መስታወቱን ይጭራል።

ወደ ነጠላው ልምጣ። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ነጠላ ወይም ነጭ ሰማይ ምስሉን ሲሞላው "በጣም ደማቅ ነው" ብሎ ያጨልማል፤ ፊት የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ሰውየው ጨለማ በር ፊት ሲቆም ደግሞ ተቃራኒው ይሆንና ጥለቱ ይጠፋል። ቀጥታ ፀሐይ ላይ የጠይም ፊትና የነጭ ሸማ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ሁለቱንም የሚያድን ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገኝም። መፍትሔው ሰውን ከፀሐይ ማውጣት ነው። ከሸራው ወይም ከቤቱ ጥላ ጫፍ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገቢውና ፊቱን ወደ ውጭ፣ ወደ ብርሃኑ አዙሪው። መሬቱ ላይ የተዘረጋ ነጭ ማዳበሪያ ካለ ከሱ ፊት ለፊት ይቁም፤ ከታች የሚመልሰው ብርሃን የዓይን ሥር ጥላን ይሞላል። በርበሬ ተራ ግን ተጠንቀቂ፤ የተሰጣው በርበሬ አገጭ ሥር ቀይ ይጥላል።

መነሻ ቁጥሮች (አይኤስኦ ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ኃይል፣ ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ እንደ 1/400 ያለው ደግሞ ሹተሩ ተከፍቶ የሚቆይበት የሰከንድ ክፋይ ነው)፦ ቀጥታ ፀሐይ ላይ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ 1/400። ክፍት ጥላ ውስጥ አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 5.6፣ 1/500። ሸራ ሥር አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 4፣ 1/500 (ኤፍ 4 የምታገኚው 18 አካባቢ ነው፤ ካሳደግሽው ኤፍ 5ና አይኤስኦ 1250 ይሁን)። ከሰውየው በስተኋላ ደማቅ ነገር ካለ ኤክስፖዠሩን (የብርሃን መጠኑን) በ2/3 ወይም በ1 ደረጃ ጨምሪ፤ ኋላው ይነጣ፣ ፊት ይትረፍ። ሸማው ራሱ ዋና ጉዳይሽ ከሆነ፣ ማለትም ጥለቱን የምታነሺ ከሆነና ኋላው ጨለማ ከሆነ፣ በ2/3 ቀንሺ። ካሜራሽ ላይ "ዲ ፕላስ" የሚባለውን የደማቅ ክፍል ጥበቃ ካበራሽ ነጩ ትንሽ ይተርፋል፤ አይኤስኦ ግን ከ200 በታች አይወርድም።

ሰማያዊ ላስቲክ ወይም ሸራ ሥር የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል። የካሜራው አውቶማቲክ የቀለም ሚዛን ይህን በወጉ አያስተካክልም፤ ግማሹ ብርሃን ከሸራው፣ ግማሹ ከውጭ ስለሚመጣ አንዱን ስታርሚው ሌላው ይበላሻል። ሰውየውን ወደ ጫፉ አምጪው፤ ካልተመቸው ጥቁርና ነጭ አድርጊው። በሮው (ካሜራው ሳያሳምር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሺ፤ 32 ጊጋ ሚሞሪ በዚያ ካሜራ ወደ 1,000 ገደማ ሮው ይይዛል። አንድ 128 ከመያዝ ሁለት ወይም ሦስት 32 ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሳምንቱ በሙሉ አብሮት አይጠፋም።

ሰዓቱን ልብ በይ። በጥር መጨረሻ ባቲ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12፡45 ገደማ ነው። ከ4 ሰዓት ከሩብ እስከ 9 ሰዓት ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ጥላሽ ከቁመትሽ ያጥራል፤ ያን ጊዜ የዓይን ጉድጓድ ይጨልማል፣ ባርኔጣ ያለው ሰው ፊቱ አይታይም። ገበያው የሚሞላው ደግሞ ያኔ ነው። ስለዚህ ጠዋት መንገዱን፣ ረፋድ ላይ ጥላ ሥር ያሉትን፣ ከ9 ሰዓት በኋላ የሚመለሱትን አንሺ። ከብት ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚነሳውን አቧራ ፀሐይዋን ከኋላ አድርገሽ ካነሳሽው ወርቅ ይመስላል። ወሩ ራሱ ጥሩ ነው፤ በሚያዝያ 11 እና በነሐሴ 18 አካባቢ ብትሄጂ ኖሮ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ትቆም ነበር።

ሹተር በቀስታ

ነጭ ሚዛን ባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ በማኑዋል (ሁሉንም በእጅ በሚሞሉት) ቁጥሮቹ ላይ ግን ለእናት ካሜራ ሌላ ነገር እመክራለሁ። ልጅ የያዘ ሰው ጥላና ፀሐይ እየተፈራረቁ ቁጥር መቀያየር አይችልም። ካሜራውን "ቲቪ" (ሹተሩን አንቺ የምትመርጪበት) ላይ አድርጊው፣ 1/250 ስጪው፣ አይኤስኦ አውቶማቲክ ይሁን፣ ጣሪያው 3200። ከዚያ የምትነኪው የመደመርና የመቀነስ ኤክስፖዠሩን ብቻ ነው። ካሜራውን "ኤቪ" (ኤፉን ብቻ የምትመርጡበት) ላይ አድርጋችሁ ጥላ ሥር ስትገቡ ሹተሩ ወደ 1/60 ሊወርድ ይችላል፤ የሚራመድ ሰው እጁ ይደበዝዛል። አንድ ቦታ ተቀምጠሽ ብርሃኑ ሳይቀየር የምታነሺ ከሆነ ማኑዋል ይሻላል።

ፎከሱን ከሹተሩ ቁልፍ ነጥለሽ ወደ ኮከብ ምልክቱ ቁልፍ አዛውሪው። 24 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 8 ላይ 2.5 ሜትር ርቀት ፎከስ ካደረግሽ ከ1.5 እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። ለዚህ ኤፉን ራስሽ መያዝ ስላለብሽ ማኑዋል ግቢ፣ አይኤስኦው ብቻ አውቶማቲክ ይሁን። አንዴ አስተካክለሽ ኮከቡን ሳትነኪ ሹተር ብቻ ትጫኛለሽ፤ ካሜራው ፎከስ ሲፈልግ የሚያልፍሽ ቅጽበት አይኖርም።

የባቲ ልጅ

እህቴ፣ አስቀድሜ እንኳን ደህና መጣሽ ልበልሽ። አክስት ያለው ሰው በዚህ ጉዳይ ከማንም ይቀድማል። ሰው በካሜራሽ ከመመዘኑ በፊት "የማን ዘመድ ናት?" ብሎ ይመዝንሻል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ከአክስትሽ ጋር ውረጂ፤ ካሜራው አንገትሽ ላይ ይዋል፣ ግን የመጀመሪያውን ሰዓት አታንሺበት። ይሸምቱ፣ አንቺ ዘንቢሉን ያዢ፣ በየደረሱበት "የእህቴ ልጅ ናት" ይበሉ። ከዚያ በኋላ ተመልሰሽ ብቻሽን ስትመጪ ሰው ያውቅሻል።

ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ቆላው መውረጃ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታዋ 1,500 ሜትር አካባቢ ነው። የደጋው እህልና የቆላው ከብት የሚገናኙት እዚህ ስለሆነ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። በአማርኛ ብቻ ብትጠይቂ ትግባቢያለሽ፣ ግን በኦሮምኛ "አካም ቡልተን" ብለሽ ብትጀምሪ ፊቱ ይፈታል። ወንድ ከሆነ ሽማግሌ ሰው ጋር ባለቤትሽ ይጠይቅ፣ ሴት ጋር አንቺ ጠይቂ። ካሜራውን እያሳየሽ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሽ፣ "ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዳሉ?" በቂ ነው። ፊቱን ካዞረ፣ በነጠላው ከተሸፈነ፣ ወይም ዝም ካለ መልሱ እምቢ ነው። "አንዴ ብቻ" ብለሽ አትለምኚ።

ገበያው በተራ በተራ ነው፦ እህል፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ከብት፣ ግመል። ለአንቺ ሐሳብ እህል ተራ ይበልጥሻል። ጤፍና ማሽላ ሲሰፈር እዪ፤ ጣሳው ከሞላ በኋላ ሻጯ በእጇ እየከመረች ጫፍ ታወጣለች፣ ገዢዋ "ምርቃት!" ስትል ደግሞ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ያ እፍኝ ከእጅ ሲወርድ ነው ፎቶው። ተንበርክከሽ ጣሳው ከዓይንሽ ጋር ሲተካከል አንሺው፤ የካሜራሽ ስክሪን ስለሚታጠፍ መሬት ላይ ማስቀመጥም ትችያለሽ። እህሉ ሲወርድ እንዲቆም 1/500 ያስፈልጋል።

ግመል ተራ ስትገቢ ሽያጭ እየተነጋገሩ ባሉበት አፍጥጠሽ አታንሺ፤ ሰው ዋጋውና ገንዘቡ በፎቶ እንዲያዝ አይፈልግም። ደላላውን አስቀድመሽ አናግሪ። ሕፃንም ሆነ እንስሳ ስታደንቂ "ማሻ አላህ" በይ፤ ሳይሉ ማድነቅ ዓይን ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ብዙ ነው። አፋር ወንድሞቻችን ወገባቸው ላይ ጊሌ (ጩቤ) ይታጠቃሉ፤ "አውጣውና ያዘው" ብሎ ለፎቶ ማዘዝ ነውር ነው፤ እንደታጠቀው ይነሳ።

ለፎቶ ብር አትስጪ፣ በተለይ ለልጅ። አንድ ጊዜ ከሰጠሽ ቀኑን ሙሉ ሃያ ልጅ ይከተልሻል፣ ፎቶውም ሁሉ ካሜራ ላይ ያፈጠጠ ልጅ ብቻ ይሆናል። ቡና ከሚያፈሉት ዘንድ ቁጭ ብለሽ ጠጪ፣ ከሻጯ ግዢ፣ ከዚያ ጠይቂ። ቡና መጠጫው ከሁሉ የሚሻል ማንሻ ቦታ ነው፦ ጥላ አለው፣ ልጆች ይቀመጡበታል፣ ገበያው ራሱ ፊትሽ ያልፋል። እስከ ሦስተኛው ብትቆዪ ማንም ልብ አይልሽም።

የዙህር ሰላት ሲደርስ ወደ መስጊድ የሚገባውን ሰው አታንሺ። ወታደር፣ ፖሊስ፣ ኬላና ድልድይ ላይ ካሜራ አታንሺ፤ መኪና ውስጥም ብትሆኚ ኬላ ስትደርሱ ቦርሳ ይግባ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብም። ከመነሳታችሁ ከአንድና ከሁለት ቀን በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ አክስትሽ በሰፈሩ ካለ ሾፌር ይጠይቁልሽ።

ማጀት ብርሃን

ሁላችሁም ገበያውን ያዛችሁት። የጠየቀችው ግን የአክስቷን ውሎ ነው፤ የቤቱ ክፍል ከገበያው ይከብዳል፣ ስለዚህ ልዘርዝረው።

ማጀት ጨለማ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በበር ወይም በአንድ ትንሽ መስኮት ነው። ይህ መጥፎ አይደለም፤ አምፖሉን አጥፍተሽ በሩን ክፈቺው። አምፖል ቢጫ፣ የበሩ ብርሃን ሰማያዊ ስለሚሆን ሁለቱ ሲደባለቁ ፊት በግማሽ ይለያያል። ማታ አምፖል ብቻ ከሆነ ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 ላይ ያዢው። የእኛ መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በ1/250 ብታነሺ ምስሉ ላይ ጥቁር ግርፍ ይወጣል ወይም አንዱ ፎቶ ይበራል አንዱ ይጨልማል። ፍላሽ አታብሪ፤ ጭሱን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል።

50ውን ስኪ። አይኤስኦ 3200፣ ኤፍ 2፣ 1/125። 1.5 ሜትር ላይ ኤፍ 1.8 ስትጠቀሚ ጥርት የሚለው ስፋት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ዓይን ጥርት ብሎ ጆሮ ይደበዝዛል። አክስትሽና ልጅሽ ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ትንሽ ወደ ኋላ ካለ አንዳቸው ይጠፋሉ። ሁለት ሰው ሲሆን ወደ 2 ሜትር ራቂና ኤፍ 4 አድርጊው፤ ወደ 24 ሴንቲ ሜትር ታገኛለሽ። ለዚያ አይኤስኦ ወደ 12800 ሊወጣ ይችላል፤ የሚያሻክር ፎቶ ከደበዘዘ ፎቶ ይሻላል።

እንጀራ ሲጋገር ሁለት ቅጽበት አለ። አንደኛው ሊጡ ከተዘረጋ በኋላ አክንባሎው ከመከደኑ በፊት ዓይኑ የሚወጣበት ነው፤ ጥቂት ሰከንድ ነው የሚቆየው። ዓይኑ የሚታየው ብርሃኑ ከምጣዱ ማዶ አግድም ሲመጣ ስለሆነ ምጣዱ በአንቺና በበሩ መካከል እንዲሆን ቁሚ። ሁለተኛው አክንባሎው ሲነሳ ነው። እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ከላይ ጎንበስ ብለሽ ብታነሺ ሌንሱ ወዲያው ላብ ይይዛል፤ ከጎን፣ ከ1 ሜትር ያላነሰ ርቀት ሁኚ። ላብ ከያዘው አትጥረጊው፣ ከማጀት ውጭ አውጥተሽ ራሱ እስኪለቅ ጠብቂ። እንፋሎትም ጭስም የሚታየው ብርሃኑ ከኋላው ሆኖ ከበስተጀርባ ጨለማ ሲኖር ነው። ቡና ሲቆላም እንዲሁ፤ ጭሱ የሚበዛው መጨረሻ ላይ፣ ቡናው ሲጠቁርና ለሽታ ሲዞር ነውና ያኔ ዝግጁ ሁኚ። ከጀበናው ሲቀዳ 1/250 ላይ ፈትሉ ይለያል፣ 1/60 ላይ እንደ ክር ይለሰልሳል። ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ እጃቸው ግን መንቀሳቀስ የለበትም፣ ሲቀዱ ደግሞ አይንቀሳቀስም።

ሌላው የሚረሳው ነገር እጅና ዕቃ ነው። ሬከቦቱ፣ የተሰነጠቀችው ሲኒ፣ የተሰቀለው አገልግል፣ በሩ ላይ የሚቀመጠው ጫማ። ሰው ሳይኖርበት እያንዳንዱን ከአንድ ሜትር አንሺው። ሰኞ ጠዋት የሚወጣውን ባዶ ዘንቢል፣ ገበያ ላይ ሲሞላ፣ ማታ ወለል ላይ ሲዘረገፍ ብትከተዪው ቀኑ ራሱ ታሪክ ሆኖ ይያያዛል። ከግመል መቶ ፎቶ ይህ አንድ ዘንቢል ይበልጥብኛል።

አክስትሽን "ይቀመጡ፣ ወዲህ ይዩ" አትበያቸው። አዲሱን ልብስ ለብሰው ቆመው መነሳት ከፈለጉ ግን ያንን አስቀድመሽ አንሺላቸው፣ በደንብ አድርገሽ። እሱን ካገኙ በኋላ በሥራ ልብሳቸው መነሳቱ አይከብዳቸውም።

እናት ካሜራ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም። የልጆቹን ነገር ማንም አልመለሰልኝም። ባለቤቴ በስልኩ ሲያነሳ ደግሞ ፊት ሁሉ ነጥቶ፣ የልጄ ሹሩባ ጫፉ ተቆርጦ ነው የሚወጣው። ፌስቡክ ላይ ብለጥፍስ ችግር አለው?

ሹተር በቀስታ

ፊት የሚያነጣው የማሳመሪያ ማጣሪያው ነው። በካሜራው መቼት ውስጥ "ቢዩቲ" የሚለውን ወደ ዜሮ አውርዱት፤ የቆዳን ቀለም ያነጣል፣ የእድሜ መስመርን ያጠፋል። ለአክስትሽ ፊት ደግሞ ያ መስመር ነው ዋናው። ሹሩባውን የሚቆርጠው "ፖርትሬት" የሚባለው ነው። ስልኩ የፀጉርን ጫፍና የነጠላን ዘርፍ ከኋላው ለይቶ ማወቅ ስለሚያቅተው ጠርዙን አብሮ ያደበዝዘዋል፤ ተራውን ፎቶ ተጠቀሙ። ፊት ላይ ጣት ተጭኖ ቆልፎ ብርሃኑን በጣት ማስተካከል ይቻላል፤ ጠይም ፊት ከደማቅ ኋላ ጋር ሲሆን ትንሽ ወደ ላይ፣ ነጭ ሸማ ሲበዛ ትንሽ ወደ ታች። በጣት አሳድጎ ማንሳት ይቅር፣ በእግር ይቅረብ። ከማንሳቱ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረገው፤ የኪስ ቅባት ነው ብርሃንን ጉም የሚያስመስለው።

የካሜራሽንና የስልኩን ሰዓት ከመነሳታችሁ በፊት እኩል አድርጉ። ካሜራው ላይ ያለው ሰዓት ተሳስቶ ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ስታደርጊ ጠዋት የተጋገረው ከማታው ቡና በኋላ ይመጣል።

ልጆቹን በተመለከተ አንድ ሰው ያነሳ፣ አንድ ሰው ይያዝ፤ በየሰዓቱ ተቀያየሩ። ሁለታችሁም ስታነሱ ልጅ የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው። 5 ዓመቷን ወይም ዓመቱን ደማቅ ቢጫ አልብሺ፤ ከሰው መሐል ለማየትም ለፎቶም ይጠቅማል። ስልክ ቁጥራችሁን ክንዳቸው ላይ በማርከር ጻፉ፤ "ብንለያይ ቡና የጠጣንበት" ብላችሁ አንድ ቦታ አሳዩአቸው። ከአህያና ከግመል በስተኋላ 3 ሜትር ይራቁ፤ የተጫነ አህያ ሰው አይቶ አይቆምም። ሙቀቱ ስለሚበረታ ከ6 ሰዓት በፊት ወደ ቤት ይመለሱ፣ ከ9 በኋላ ብቻሽን ውጪ።

ለ9 ዓመቱ አሮጌ ስልክ ስጡት፤ ልጅ ከታች ስለሚያነሳ አዋቂ የማያየውን ያያል። "10 እጅ አንሳልኝ"፣ "ክብ የሆነ ነገር ሁሉ አንሳልኝ" ካላችሁት ሥራ አለው፣ አይሰለችም። እሱም ግን ሰው ሲያነሳ እንዲጠይቅ ንገሩት፤ ልጅ ነው ብሎ ሁሉም አያልፈውም።

ነጭ ሚዛን

ስለ መለጠፉ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለታዋቂ ሰው፣ ለሕዝባዊ ዝግጅትና ለመሳሰለው ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል። በርበሬ ሻጯ ግን ታዋቂ ሰው አይደለችም። "ላንሳዎት?" እና "ስልክ ላይ፣ ፌስቡክ ላይ ላውጣው?" ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለተኛውንም ጠይቂ። የሌላ ሰው ሕፃን ፎቶ ከሆነ ለቤተሰብ ብቻ ይቅር፣ የስልኩንም የቦታ መዝገብ አጥፊው።

ባትሪውን ብዙ አትፍሪ፤ በመመልከቻው ዓይን ካነሳሽ ከ1,000 በላይ ይሄዳል፣ በስክሪኑ ካነሳሽ ግን አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ስክሪኑን ለመሬት ለመሬቱ ብቻ ተጠቀሚበት፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል መለዋወጫ አንድ ይኑርሽ።

የባቲ ልጅ

አንድ የቀረ ነገር፣ ማሳተሙ። ለሰው የሚሰጥ ትልቁ ነገር የታተመ ፎቶ ነው። "እልክልሃለሁ" ብሎ ያልላከ ብዙ ስላለ፣ ቃልሽን ስትጠብቂ ለአክስትሽም ክብር ነው። ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ወርደሽ በ10 በ15 አሳትሚ። የካሜራሽ ፎቶ በትክክል ይገባል። የስልኩ ግን ወርዱና ቁመቱ ከወረቀቱ ጋር ስለማይመጣጠን አታሚው ጠርዙን ይቆርጠዋል፣ የሰው ጭንቅላት ወይም ክንድ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ባለቤትሽ በስልክ ሲያነሳ በሰውየው ዙሪያ ክፍት ቦታ ይተው፤ አታሚውንም "ሳትቆርጥ፣ ነጭ ጠርዝ ተውለት" በዪው። በቴሌግራም ስትልኪለት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል።

ገበያተኛ በየሰኞው የሚቀመጠው እዚያው ቦታው ላይ ነው። የሰው ስም ባታውቂም "እህል ተራ፣ ከግራር ሥር፣ ቀይ ሻሽ" ብለሽ የዚያኑ ማታ ስልክሽ ላይ ጻፊ፤ ከሳምንት በኋላ አታስታውሺውም። ያንኑ ከፎቶው ጀርባ ላይ ጽፈሽ ለአክስትሽ ስጪያቸው፣ በሚቀጥለው ሰኞ ሲወርዱ ያድላሉ። በስክሪፕቶ ተጭነሽ ከጻፍሽ ፊት ለፊት ጎልቶ ይወጣል፤ ቀጭን ማርከር ተጠቀሚ፣ ቀለሙ እስኪደርቅም ፎቶዎቹን አትደራርቢ፣ ያለዚያ አንዱ ጀርባ የሌላውን ፊት ያቀልማል።